ሰማያዊው ሪባን፦ ስድስት ቀን በስቶክሆልም

አንደኛ ቀን፣ እሑድ

አውሮፕላኑ አርላንዳ ሲያርፍ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት አልፏል። ፀሐይ ግን አልጠለቀችም። በሰኔ እዚህ ሀገር ጨለማ የሚባል ነገር የለም ማለት ይቻላል። የአክስቴ ልጅ ከሁለት ልጆቿ ጋር መውጫው ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። «ውይ፣ ከሳሽ እኮ!» አለችና አቀፈችኝ። ከፍራንክፈርት ሁለት ሰዓት በረራ ነው። ከተያየን ግን ስድስት ዓመታችን።

ቤት ስንደርስ ሽሮና ጎመን ቀረበ። የሰኔ ጾም ነው። እየበላን ሳለ «ለመሆኑ ስቶክሆልም ምን ልታዪ መጣሽ?» አለችኝ።

«ኒሻን» አልኳት።

ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ ገባት። «የአባባ ነገር ነው አይደል?»

አዎ፣ የአባባ ነገር ነው። አያታችን የክቡር ዘበኛ ወታደር ነበሩ። ከጣልያን ጦርነት በኋላ የክቡር ዘበኛን መኮንኖች ያሰለጠኑት ስዊድናውያን ናቸው። አባባ ልጆች ሆነን ግቢ ውስጥ እያሰለፉ «ኤት፣ ትቮ! ኤት፣ ትቮ!» ይሉን ነበር። እኛ ትርጉም የሌለው የጨዋታ ቃል ይመስለን ነበር። ይህን ሳወራ የአክስቴ ልጅ ትንሹ ልጇ ከወንበሩ ዘሎ ተነሳ። «አንድ፣ ሁለት ማለት እኮ ነው!» አለ። ቅድመ አያቱ የእሱን ቋንቋ ይናገሩ እንደነበር ሲያውቅ ፊቱ በራ።

አባባ በ1951 ከቃኘው ሻለቃ ጋር ኮሪያ ዘመቱ። (ቀኑንም ዓመተ ምሕረቱንም ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆቹ ነው።) ከዚያ ያመጡትን ሜዳይ በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ያስቀምጡት ነበር። በደርግ ጊዜ እናቴ ቆርቆሮውን ጤፍ ውስጥ ቀብራ ነው ያተረፈችው። የጃንሆይን ዘመን የሚያስታውስ ነገር ቤት ውስጥ መገኘቱ ያስፈራ ነበር።

አባባ ደጋግመው የሚያወሩን አንድ ወሬ ነበራቸው። የሰሙት ከስዊድን አሰልጣኞቻቸው ነው። «እዚያ ሀገር የሱራፌል ኒሻን የሚባል አለ። ጃንሆይም አላቸው። ባለ ኒሻኑ ሲሞት አርማው ነገሥታቱ በተቀበሩበት ቤተ ክርስቲያን ይሰቀላል። ደወልም አንድ ሰዓት ሙሉ ይደወልለታል» ይሉን ነበር። ያንን ቤተ ክርስቲያን ላይ ነው የመጣሁት።

ሁለተኛ ቀን፣ ሰኞ

ስቶክሆልም 14 ደሴቶች ላይ የተሠራች ከተማ ናት። በየት በኩል ብትሄጂ ውሃ ታገኛለሽ። በሜትሮ ጋምላ ስታን ወረድኩ፤ አሮጌው ከተማ ማለት ነው። ቤተ መንግሥቱ እዚያው ነው። ከ600 በላይ ክፍሎች አሉት። ከውጭ ሲታይ ግን ጌጥ አይበዛበትም። ትልቅ፣ አራት ማዕዘን፣ ኮስተር ያለ ሕንጻ ነው።

የኒሻን አዳራሾች የሚባሉት እዚሁ ውስጥ ናቸው። ድሮ የየኒሻኑ ጉባኤ የሚሰበሰብባቸው ክፍሎች ነበሩ። አሁን ቋሚ ኤግዚቢሽን ሆነዋል። ቱሪስቱ በብዛት ወደ ዘውዱና ወደ ዙፋኑ ስለሚሄድ እዚህ ጸጥታ አለ። ደስ አለኝ። የፈለግኩትን ያህል መስታወቱ ላይ ተጠግቼ አየሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1748 ንጉሥ ፍሬድሪክ 1ኛ ሦስት ኒሻኖች አቋቋመ። የሱራፌል፣ የሰይፍና የሰሜን ኮከብ። በ1772 ደግሞ ጉስታቭ 3ኛ የቫሳን ኒሻን ጨመረ። ስዊድኖች በሪባን ቀለማቸው ይጠሯቸዋል። ሱራፌል ሰማያዊው ሪባን ነው። ሰይፍ ቢጫው፣ የሰሜን ኮከብ ጥቁሩ፣ ቫሳ አረንጓዴው። ሰይፍ ለወታደር ነው። የሰሜን ኮከብ በተለይ ለመንግሥት ሹማምንትና ለሳይንስ ሰዎች። ቫሳ ደግሞ ለገበሬው፣ ለነጋዴው፣ ለማዕድን ሠሪው፣ ለእጅ ባለሙያው። የማን ልጅ ነህ ሳይባል የሚሰጥ ነበር። በዚያ ዘመን ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

የሱራፌል ኒሻን ፊት ለፊት ብዙ ቆምኩ። ነጭ የኢናሜል መስቀል ነው። በመስቀሉ ክንዶች መካከል ክንፍ ያላቸው የሱራፌል ራሶች አሉ፤ ወርቅ ናቸው። መሐሉ ሰማያዊ ክብ ነው። በክቡ ላይ የኢየሱስ ስም በሦስት የላቲን ፊደላት አጥሮ ተጽፏል። ዙሪያውን ሦስት ዘውዶች አሉ። ከስር ደግሞ ሦስት ጥቃቅን ምስማሮች። የስቅለቱ ችንካሮች ናቸው። ምስማሮቹን መጀመሪያ አላየኋቸውም ነበር። ራሴን ዘንበል ሳደርግ መብራቱ መታቸውና ብልጭ አሉ።

ከአጠገቡ የአንገት ሐብሉ ተዘርግቷል። 11 የሱራፌል ራሶችና 11 ሰማያዊ መስቀሎች በወርቅ ሰንሰለት ተያይዘዋል። ሱራፌል ማለት ለእኛ እንግዳ ቃል አይደለም። ኢሳይያስ ስድስት ክንፍ ያላቸው ብሎ የጻፈላቸው ናቸው። በቅዳሴያችን ስማቸው ይጠራል። ልጆቻችንን ሱራፌል ብለን እንሰይማለን። ይህን ቃል በሰሜን አውሮፓ ቤተ መንግሥት ውስጥ የሀገሪቱ ትልቁ ክብር ስም ሆኖ ማግኘት ልቤን ነካኝ።

ከዚያ ወደ አንድ ጽሑፍ ደረስኩ። ቁጥሩን ሳይ ቆምኩ። ከጥር 1 ቀን 1975 ጀምሮ ለስዊድን ዜጎች ኒሻን መስጠት ቀረ። ሰይፍና ቫሳ ጭራሽ ተኙ። ሱራፌልና የሰሜን ኮከብ ለውጭ ሀገር ሰዎች፣ ሱራፌል ለንጉሣዊው ቤተሰብም፣ ብቻ ሆነው ቀጠሉ። የእኛ ንጉሥ ከዙፋን የወረዱት መስከረም 12 ቀን 1974 ነው። አራት ወር እንኳ አይሞላም ልዩነቱ። የሰሎሞን ኒሻን፣ የሥላሴ፣ የዳግማዊ ምኒልክ፣ የንግሥተ ሳባ፣ ሁሉም የቀሩት በዚያው ሰሞን ነው።

ግን አቀራረቱ ለየቅል ነበር። ስዊድኖች የተቹት ትክክለኛ ነገር ነው። ኒሻኑ ለብዙ ሹም በማዕረጉና በአገልግሎት ዘመኑ ልክ ብቻ ይደርሰው ነበር። ደረጃህ ይህን ያህል ከሆነ ሪባንህ ይህ ነው፣ ዓይነት። የእኩልነት ሐሳብ በገነነበት ጊዜ ይህን ሕዝቡ ሰለቸው። አስቆሙት። ክፍሎቹን ግን አልዘረፏቸውም። ኒሻኖቹን አላቀለጧቸውም። የተሸለመውን ሰው ጠላት አላሉትም። ሕጉን ቀየሩ፣ በሩን ዘጉ፣ ቁልፉን አስቀመጡ። በየካቲት 1 ቀን 2023 ደግሞ በሩን መልሰው ከፈቱት። ከ48 ዓመት በኋላ። አሁን ለስዊድን ዜጎች እንደገና ይሰጣል። ሰይፍና ቫሳም ነቅተዋል። በ1975 ሰማያዊና ቢጫ የተደረገው የሰሜን ኮከብ ሪባን እንኳ ወደ ጥንቱ ጥቁር ተመልሷል። አሁን ተራው ሰው ራሱ ይገባዋል የሚለውን ሰው መጠቆም ይችላል። የድሮውን ስህተት አርመው ነው የመለሱት።

እናቴ ጤፍ ውስጥ እጇን እየከተተች ቆርቆሮውን ስትፈልግ ታየችኝ።

ከሰዓት በኋላ ከቤተ መንግሥቱ ምድር ቤት ያለውን የንጉሣዊ ትጥቅ ሙዚየም አየሁ። ቫሳን ያቋቋመው ጉስታቭ 3ኛ በመጋቢት 1792 ጭምብል ተለብሶ በሚጨፈርበት ግብዣ ላይ ነው በጥይት የተመታው። የዚያን ማታ ልብሱ መስታወት ውስጥ አለ። ከዚያ እየሮጥኩ አባባ ወደሚሉት ቤተ ክርስቲያን፣ ወደ ሪዳርሆልመን ሄድኩ። ተዘግቷል። ሰዓት አለማየቴ ነው። በሩን ዳሰስኩና ተመለስኩ።

ሦስተኛ ቀን፣ ማክሰኞ

ጠዋት በሩ ሳይከፈት ደረስኩ።

ሪዳርሆልመን ትንሽ ደሴት ናት። ከአሮጌው ከተማ በአጭር ድልድይ ትሻገራለህ። ቤተ ክርስቲያኑ ቀይ ጡብ ነው። በ13ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ላይ የፍራንሲስካን መነኮሳት ገዳም ሆኖ ነው የተጀመረው። በ1835 መብረቅ መትቶ ጉልላቱን አቃጠለው። አሁን ያለው ጉልላት ከብረት የተሠራ ነው፤ እንደ ዳንቴል ሰማዩ በመሐሉ ይታያል። ከጉስታቭ አዶልፍ ጀምሮ እስከ 1950 ድረስ የስዊድን ነገሥታት እዚህ ተቀብረዋል። ሃይማኖቷን ቀይራ ሮም ከሄደችው ከንግሥት ክርስቲና በቀር። ዛሬ ምእመን የሚሰበሰብበት አጥቢያ አይደለም። የመቃብርና የመታሰቢያ ቤት ነው።

ገባሁ። ቀዝቃዛ ነው። ወለሉ ሁሉ የመቃብር ድንጋይ ነው። ቀና ስል ግን ግድግዳው ከታች እስከ ላይ በአርማ ተሞልቷል። በመቶዎች የሚቆጠሩ የመዳብ ሰሌዳዎች። እያንዳንዱ ላይ የአንድ ሰው አርማ በቀለም ተሥሏል፣ ስሙም ተጽፏል። ንሥር፣ አንበሳ፣ ግንብ፣ ዛፍ፣ ኮከብ።

አሠራሩን አንዲት አስጎብኚ ቀስ ብላ አስረዳችኝ። የሱራፌል ኒሻን ለተሰጠው ሰው ሁሉ አርማ ይሣልለታል። በሕይወት እስካለ ድረስ ሰሌዳው በቤተ መንግሥት ይቀመጣል። ሲሞት ወደዚህ ይመጣል። በቀብሩ ቀን ከቀኑ ስድስት ሰዓት እስከ ሰባት ሰዓት የዚህ ቤተ ክርስቲያን ደወል ይደወላል። የሱራፌል ደወል ይሉታል። ንጉሥም ቢሆን፣ የሩቅ ሀገር መሪም ቢሆን፣ ያው አንድ ሰዓት ነው። ማንዴላ በታኅሣሥ 2013 ሲቀበሩ ለእሳቸውም ተደውሏል።

አባባ ያሉን ሁሉ እውነት ነበር። ቃል በቃል።

የጃንሆይን ሰሌዳ ለማግኘት ብዙ ደከምኩ። አንገቴ እስኪያመኝ አንጋጠጥኩ። ሰሌዳዎቹ የተሰቀሉት በሀገር ወይም በማዕረግ ተራ አይደለም። የጀርመን ልዑል ከስዊድን ጄኔራል ጎን አለ። በመጨረሻ አስጎብኚዋ በጣቷ አሳየችኝ። ስማቸውን በላቲን ፊደል አነበብኩ። ኃይለ ሥላሴ። ከመስኮቱ የገባው ብርሃን ግማሹን ሰሌዳ ሸፍኖት ነበር። ደመና እስኪመጣ ቆሜ ጠበቅኩ።

ጃንሆይ ይህችን ከተማ በ1924 አልጋ ወራሽ ሳሉ አይተዋታል። በ1954 ደግሞ ንጉሠ ነገሥት ሆነው ተመልሰው መጥተዋል። በእነዚህ ሁለት ጉብኝቶች መካከል ብዙ ነገር አለፈ። በታኅሣሥ 1935 መልካ ዲዳ ላይ የጣልያን አውሮፕላኖች የስዊድን ቀይ መስቀልን የሕክምና ካምፕ ደበደቡ። ቁስለኞቻችን አለቁ። ከስዊድኖቹም አንዱ ሞተ። የእኛና የእነሱ ነገር ወረቀት ላይ የተፈራረሙት ብቻ አይደለም።

ከሰሌዳው ስር ቆሜ ያሰብኩት ግን ስለ ደወሉ ነው። የሚደወለው በቀብር ቀን ነው። ጃንሆይ የሞቱት በነሐሴ 1975 ነው። ቀብር አልነበራቸውም። አፅማቸው የተገኘው በ1992 ነው፤ ቤተ መንግሥት ውስጥ፣ ከወለል ስር። በሥርዓት የተቀበሩት ደግሞ በኅዳር 5 ቀን 2000፣ በመንበረ ጸባኦት ቅድስት ሥላሴ። ሃያ አምስት ዓመት።

ያን ቀን አባባ በጠዋት ተነሱ። እናቴን ቆርቆሮውን አስመጧት። ሜዳዩን አወጡ፣ በነጠላ ጫፍ ወለወሉት። ሪባኑን ብል በልቶት ነበር። ዳር ዳሩ ተፈታትቷል። «ሪባኑ ልክ አይደለም፣ ይቅር» አለቻቸው እናቴ። እሳቸው ግን ኮታቸው ላይ በመርፌ ቁልፍ አደረጉት። ከ1974 ወዲህ በአደባባይ ሲያደርጉት የመጀመሪያቸው ነበር። እጃቸው ይንቀጠቀጥ ስለነበር መርፌ ቁልፉን የቆለፍኩላቸው እኔ ነኝ። እንደሳቸው ያሉ ብዙ ሽማግሌዎች ሥላሴ ግቢ ቆመው ነበር። ሁሉም ደረታቸው ላይ ያረጀ ነገር አለ።

ስድስት ሰዓት ሲሆን ከቤተ ክርስቲያኑ ውጭ ደረጃ ላይ ተቀምጬ ነበር። ከከተማው የሌላ ቤተ ክርስቲያን ደወል ተሰማ። አሥራ ሁለት ጊዜ ደወለና አቆመ።

አራተኛ ቀን፣ ረቡዕ

ኡፕሳላ። በባቡር 40 ደቂቃ ገደማ ነው።

የሄድኩት ለአንድ ሰው ብዬ ነው። ለካርል ሊኔየስ። ዕፅዋትንና እንስሳትን በሁለት ስም የመጥራትን ዘዴ ለዓለም ያስተማረው እሱ ነው። በ1753 የሰሜን ኮከብ ኒሻን ተሰጠው። አሌክሳንደር ሮስሊን የሣለው የታወቀ ሥዕል አለ፤ ደረቱ ላይ ያ ኒሻን በግልጽ ይታያል። በኒሻኑ መሐል ኮከብ አለ፤ ዙሪያውን በላቲን «መጥለቅን አያውቅም» የሚል ተጽፎበታል። ይህን ለአንድ የዕፅዋት መምህር መስጠት እንዴት ያምራል!

ቤቱና የአትክልት ቦታው እንዳሉ ናቸው። ተክሎቹ በእሱ አመዳደብ በረድፍ ተተክለዋል። እያንዳንዱ ከፊቱ ስሙ አለ። በዚያው በ1753 ባሳተመው ሥራው ላይ ቡናን «ኮፊያ አራቢካ» ብሎ ሰይሞታል። የከፋን ቡና የዓረብ ብሎ። አውሮፓ ቡናን ያወቀችው በዓረቦች በኩል ስለሆነ ነው፤ ምክንያቱ ይገባኛል። ግን ስሙ እስከ ዛሬ ይቆረቁረኛል፤ አልደብቅም።

አትክልቱ አጠገብ ካፌ ተቀመጥኩ። ስዊድኖች ፊካ የሚሉት ሰዓት ነበር። ቡናና ቀረፋ ያለበት ዳቦ። ዳቦው ቅቤ አለበት፣ ጾም ነው፣ ተውኩት። ቡናውን ብቻ ያለ ወተት ጠጣሁ።

አምስተኛ ቀን፣ ሐሙስ

ዛሬ ሙዚየም አልሄድኩም። ግን ከሁሉም የበለጠ ያየሁት ዛሬ ነው።

የአክስቴ ልጅ ቡና አፍልታ ጎረቤቷን ጋሼን ጠራቻቸው። ሰባዎቹን አጋምሰዋል። ስዊድን የመጡት በሰማንያዎቹ መጀመሪያ፣ በሱዳን በኩል ነው። ስለ ኒሻን እንደማወራ ሰምተው ነበር። ገና ሳይቀመጡ ከኮታቸው ኪስ ትንሽ ሳጥን አወጡና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

«ክፈቺው ልጄ።»

ከፈትኩት። ወርቅ ሜዳሊያ ነው። ትንሽ ነው። መዳፌ ላይ ሳደርገው ግን ከበደኝ። በአንድ በኩል የንጉሡ ምስል፣ የካርል 16ኛ ጉስታቭ። በሌላው በኩል በስዊድንኛ የተጻፈ አለ። ትንሹ ልጅ አነበበልኝና እናቱ ተረጎመችው። «በመንግሥት አገልግሎት ላሳየው ትጋትና ታማኝነት።»

ጋሼ በአንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሕንጻ ጠባቂ ነበሩ። መብራት የሚቀይሩ፣ በር የሚከፍቱ፣ በክረምት በረዶ የሚዝቁ። ሠላሳ ዓመት። ይህ ሜዳሊያ ከ1803 ጀምሮ ያለ ነው። መንግሥትን ሠላሳ ዓመት ያገለገለ ሰው ያገኘዋል። ፕሮፌሰሩም፣ የቢሮ ኃላፊውም፣ ሕንጻ ጠባቂውም የሚያገኙት አንድ ዓይነት ነው። ኒሻን ለዜጎች በቀረባቸው በእነዚያ 48 ዓመታትም ይህ አልተቋረጠም።

ሠራተኛው ከፈለገ በሜዳሊያው ፈንታ የወርቅ ሰዓት ወይም የክሪስታል ዕቃ መውሰድ ይችላል። ጋሼን ለምን ሰዓቱን እንዳልወሰዱ ጠየቅኳቸው።

«ሰዓት ገበያ አለ» አሉኝ።

የተሰጣቸውን ቀን አወሩን። አዳራሽ ነው። ሙሉ ልብስ ገዝተዋል። ስማቸው ሲጠራ አጠራሩ ተበላሽቶ መጀመሪያ እሳቸው መሆናቸውን አላወቁም። ጎናቸው የተቀመጠችው የላቦራቶሪ ሠራተኛ በክርኗ ነካቻቸው። ተነስተው ሄዱ። «ያን ጊዜ አባቴን ነው ያሰብኩት» አሉ። አባታቸው የቤተ መንግሥት ፈረስ ጠባቂ ነበሩ። አርባ ዓመት ሠርተዋል። ሲወጡ አመሰግናለሁ ያላቸው ሰው የለም።

ዝም አልን። የአክስቴ ልጅ ሁለተኛውን ቡና ቀዳች።

ከዚያ ጨዋታው ወደ ኮሪያ ሄደ፣ ወደ ክቡር ዘበኛ፣ ወደ ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን። ፎን ሮዘን ከጦርነቱ በኋላ ቢሾፍቱ ላይ አየር ኃይላችንን ያደራጀ ስዊድናዊ ነው። በ1977 በሶማሊያ ጦርነት ጎዴ ላይ ተገደለ። የተቀበረው አዲስ አበባ ነው። ጋሼ ጎዴን በወታደርነት ያውቁታል። «ያ ሰውዬ እኮ በዚያ ዕድሜው ከእኛ ጋር ነበር» አሉ፤ ራሳቸውን እየነቀነቁ። ሌላ አልጨመሩም።

ማታ እናቴ ዘንድ ደወልኩ። የጋሼን ሜዳሊያ ነገርኳት። እሷ ግን አእምሮዋ ሌላ ቦታ ነው። «የአባባ ሪባን እዚያ ይገኝ ይሆን?» አለችኝ።

አባባ ካረፉ አሥራ አንድ ዓመታቸው ነው። ሪባኑን ታሳድሳለች ብዬ አላሰብኩም ነበር።

«ስፋቱ ስንት ነው?»

የስልኩን ካሜራ ከፈተች። ቆርቆሮውን አመጣች። የልብስ ሰፊ ሜትር ዘረጋች። ሜዳዩ ጠረጴዛው ላይ ተኝቷል፤ ከላዩ የቀረው ሪባን ክር ክር ብሏል። ሰማያዊና ነጭ መስመር ነው፤ የተባበሩት መንግሥታት የኮሪያ ሜዳይ ቀለም። ነጩ ቢጫ ሆኗል። «ሦስት ሴንቲ ከምናምን» አለች። መነጽሯን ፈልጋ መጣችና ደግማ ለካች። «ሦስት ተኩል ይሆናል።»

ስድስተኛ ቀን፣ ዓርብ

በረራዬ አሥር ሰዓት ነው። ሻንጣዬን ይዤ ጋምላ ስታን ወረድኩ።

በጠባቡ መንገድ ላይ የድሮ ሳንቲምና ሜዳሊያ የሚሸጡ ትንንሽ ሱቆች አሉ። የመጀመሪያው ውስጥ የቫሳ ኒሻን መስታወት ውስጥ ነበር። አረንጓዴ ሪባኑ እንዳለ ነው። በአንድ ወቅት የአንድ ሰው ደረት ላይ ነበር ብዬ አሰብኩ። ሪባን ብቻውን አይሸጡም። ሁለተኛውም የለውም።

ሦስተኛው ሱቅ ሦስት ደረጃ ወደ ታች ይወረዳል። ባለ ሱቁ ሽማግሌ ነው። የእናቴን የስልክ ፎቶ አሳየሁት። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቀለ፣ ስልኩን ወደ ዓይኑ አስጠጋ።

«ኮሪያ» አለ ወዲያው።

ስዊድን በዚያ ጦርነት ጊዜ ቡሳን ላይ የቀይ መስቀል ሆስፒታል ነበራት። ለዚያ ነው የሚያውቀው። ሜዳዩ የማን እንደሆነ ጠየቀኝ። የአያቴ ነው አልኩት። ከየት ሀገር? ከኢትዮጵያ። እጁን ከባንኮኒው ላይ አነሳና ጨበጠኝ።

ከኋላው ካለው መሳቢያ ጥቅል አወጣ። ሰማያዊ ነጭ፣ ሰማያዊ ነጭ፣ ቀጫጭን መስመሮች። ነጩ ነጭ ነው። አባባ ሲቀበሉት እንዲህ ነበር ማለት ነው። ባንኮኒው ላይ ዘረጋውና ማስመሪያ አመጣ።

«ስንት ልቁረጥ?»

ለእናቴ ደወልኩ። ወዲያው አነሳችው። ስልኩ አጠገብ ተቀምጣ ነበር።

«ሃያ ሴንቲ በይው» አለች። ትንሽ አሰበች። «ሠላሳ ይሁን። ስሰፋው ብሳሳትስ።»